በጎረቤት አጥር የተደገፈችው ሳይክል

ሳይክሏ ለይታገሱ ቁመት አልተሠራችም። የሰጠው ፈረንጅ በር በገባ ቁጥር ጎንበስ የሚል፣ የብር ወንዝን ሸለቆ ለመስኖ ሲለካ ሁለት ዓመት የከረመ ዘንካታ ነበር። ይታገሱ ደግሞ ፍኖተ ሰላም ገበያ መሀል ከገባ የማይታይ፣ ቢመዘን ከሃምሳ ኪሎ ብዙም ፈቀቅ የማይል የከብት ክትባት ሠራተኛ ነው። ፈረንጁ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል «ገጠር መሄጃ ትሁንህ» ብሎ መሪዋን አስጨበጠው። ይታገሱ እጅ ነስቶ ተቀበለ፤ ሊጋልባት ሲል ግን እግሩ ፔዳሉ ላይ በቅጡ አልደረሰም። የመሥሪያ ቤቱ ዘበኞች «ኧረ በቅሎ ብትለምነው ይሻልህ ነበር!» እያሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ሌላው ሳይክል መስላችሁ እንዳትሸወዱ። እኛ የምናውቀው ሳይክል ብረቱ ግትር ነው፤ ድንጋይ ሲመታ ድንጋዩ የሚመታው ያንተን ወገብ ነው። ይህቺ ግን የፊት ጎማዋን ግራና ቀኝ የያዙ ሁለት ሞላዎች፣ ከኮርቻዋ ሥር ደግሞ እንደ ክንድ የወፈረ አንድ ትልቅ ሞላ ነበራት። ጎማው ድንጋይ ሲወጣ ሞላው ይሰበሰብና ይውጠዋል፤ ሰውየው ቤቱ የተቀመጠ ይመስል ይሄዳል። ይህ እንግዲህ ለመጀመሪያ ባለቤቷ ነው። የኋላው ሞላ የጠበቀው ለዘጠና ኪሎ ሰው ስለነበር ይታገሱ ሲቀመጥበት የዝንብ ያህል እንኳ አልቆጠረውም። በመስመጥ ፋንታ መልሶ ይወረውረው ጀመር። ወደ ማንኩሳ ሲሄድ የአንድ ሰውዬ ጎመን ላይ ጣለችው፤ ሰውየው ስለ ጎመኑ እንጂ ስለሱ አልጠየቀም።

በመጨረሻ እጅጉ ከሚባለው የብየዳ ሠራተኛ ዘንድ ወሰዳት። እጅጉ ዙሪያዋን እየተሽከረከረ አያት፣ ይታገሱንም ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ልብስ ሰፊ ይመስል በገመድ ለካው። ከዚያ የኮርቻዋን ብረት ቆርጦ አሳጠረ፣ መሪዋን ወደ ኋላ አቀረበለት፣ የኋላውን ሞላ አንቆ የያዘውን ቀለበት ደግሞ እስከ መጨረሻው ፈታው።

«አሁን ላንተ ክብደት ላላሁት» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ግን የላላ ሞላ ይጮኻል። ዘይት ብታጠጣውም አይተውም።»

«ይጩኽ!» አለ ይታገሱ። «ካልጣለኝ ምን ቸገረኝ?»

አይ፣ ሰው የሚናገረውን ቢያውቅ!

ልኩ ከሆነችለት ወዲያ አመሏን እየለመደ ሄደ። ቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን ከጨበጥከው ፊቷ ይሰምጥና በአናትህ እንደምትተክልህ አወቀ። ገደል ሲወርድ ከኮርቻው ተነስቶ ቂጡን ወደ ኋላ እያሸሸ፣ ጉልበቱን ፈታ አድርጎ፣ መሪውን ሳያንቅ መያዝ ተማረ። ጋሪ የማይደፍረውን፣ በቅሎ እንኳ እያሰበች የምትወርደውን የብር ቁልቁለት፣ የክትባቱን የበረዶ ሣጥን በጀርባው አዝሎ ይወርደው ጀመር። ሰው በእግር አራት ሰዓት የሚፈጅበትን የዝግባ ማርያምን መንገድ በሰዓት ተኩል ይገባል። በተቀመጠባት ጊዜ ሁሉ ያ የላላ ሞላ ሲጥ፣ ሲጢጥ እያለ ይከተለዋል፤ ሳይቀመጥባት ከገፋት ግን ዝም ናት።

ዝግባ ማርያም የተወለደበት ቀበሌ ነው። አንድ ሰኔ የአገሩ ትልቅ ሰው አረፉና ዘመድ የሚጠራ ጠፋ። ያኔ ስልክ የለ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ ዘመዱ ከጅጋ እስከ ቡሬ ተበትኗል። የእድሩ ዳኛ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ይታገሱን ጠርተው «ልጄ፣ ያቺ የብረት በቅሎህ ለነፍስ ብትውል ምን ይልሃል?» አሉት። እንዴት እንቢ ይላል? ሄደ፤ ዘመዱም ለቀብር ደረሰ፤ አገሩ መረቀው። ከዚያ ወዲያ ሰው በሞተ ቁጥር ጠሪው እሱ ሆነ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል ይባል የለ? አንዴ የተሰቀለ ስም እንዲያ ነው።

ይባስ ብሎ የድንበሩ ጦርነት መጣ። ከዝግባ ማርያም ብቻ አሥራ አንድ ልጅ ዘመተ፤ የሞቱትም ወሬ እየተንጠባጠበ ይመጣ ጀመር። ከግንባር የተመለሰ ጓድ ፍኖተ ሰላም ላይ ለይታገሱ ይነግረዋል፣ ይታገሱ ተሸክሞት ይወርዳል። መርዶ ደግሞ ወግ አለው። መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ከባለቤቱ ደጅ በቀጥታ አይደርስም። ጎህ ሳይቀድ ጎረቤት ቤት ይጠጋል፣ በቅሎም ሆነ ሳይክል እዚያው ያቆማል፤ ጎረቤት በሹክሹክታ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ሽማግሌዎች ቀድመው፣ ጠንካራ ሴቶች ተከትለው ባንድነት ይገባሉ። ለወጉ ብቻ አይደለም። ልጇ የሞተባት እናት ራሷን መሬት ላይ ትፈጠፍጣለች፤ የሚይዛት ሰው ከቃሉ ቀድሞ አጠገቧ መገኘት አለበት። በሁለት ዓመት ይታገሱ ሳይክሉን በሰባት ቤት ጎረቤት አጥር ላይ አስደግፏል።

ሰው የሞላውን ድምፅ ለመደው። ሲጥ ሲል ሴቶች እንስራቸውን አስቀምጠው ይቆማሉ። ዘማች ያላት እናት ጆሮዋን ትይዛለች። ላም ሊከትብ ቢመጣ እንኳ ማንም ሳይጠጋው «ለማን ነው?» ይሉታል ከሩቅ። «ለላም ነው!» እያለ መጮህ ጀመረ፤ ያሳፍራል፣ ያናድዳልም። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ ስንት ሰው ሲፈራው ይኖራል? ሳይክሏን እንዳይጥላት ደግሞ ይወዳታል። ልኩ ናት፤ በሕይወቱ በልኩ የተሠራለት ሌላ ነገር አልነበረውም።

ከሁሉ የከበደው የእትየ አልጣሽ ነገር ነው። እትየ አልጣሽ የክርስትና እናቱ ናቸው፤ እናቱ ስትሞት ከወንዳወቅ ጋር ባንድ ገበታ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ወንዳወቅ አንድ ልጃቸው ነው፤ ከዘመተ ዓመት ከስምንት ወር አልፎታል፤ አንድም ደብዳቤ አልጣፈም። አንድ ቀን ይታገሱ በሳይክል ሊጠይቃቸው ሲመጣ ደጃፍ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጄ፣ ወንዳዬ እስኪገባ ድረስ በዚህ ነገር ላይ ሆነህ ደጄን አትርገጥ» አሉት። «በእግርህ ና። በእግርህ ከመጣህ ቤትህ ነው።»

«እሽ እምየ፣ እንዳሉ» አለ። ከዚያ ወዲህ በየሰንበቱ አራት ሰዓት በእግሩ ይሄዳል፤ እሳቸውም ከአጥሩ ማዶ ሲያዩት አቧራ የለበሰ እግሩን አይተው ነው የሚስቁለት። «ምነው ልጄ፣ አንድ ቀን እንኳ የምስራች ብለህ ብትመጣልኝ?» ይሉታል፤ እሱም አንገቱን ይደፋል። በልቡ ግን ያን ቀን እንደ ርስት ይጠብቀዋል። ወንዳወቅ በሕይወት አለ የሚል ወሬ ቢመጣ አፉን ከፍቶ «የምስራች!» የሚል እሱ፣ «ምስር ብላ!» የሚባል እሱ። ከሰባቱ መርዶ በኋላ ይህቺን አንዲት የምስራች ለራሱ ማለት ምን ነውር አለው?

የመስከረም መጨረሻ፣ 1993 ዓመተ ምሕረት፣ ከመሥሪያ ቤቱ ፖስታ ሣጥን ውስጥ አንድ የተጨማደደ ፖስታ ወጣ። «በይታገሱ በኩል ለእናቴ ለወይዘሮ አልጣሽ ይድረስ» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የወንዳወቅ ነው፤ ከመቀሌ የተጣፈ። ይታገሱ ቆሞ አነበበው፣ ተቀምጦ አነበበው። ግራ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ተቆርጧል፤ ሆስፒታል ተኝቶ ከረመ፤ አሁን ድኗል፤ ክራንች ለምዶ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ይገባል። ከግርጌው ለይታገሱ «እማ እግሬን በድንገት እንዳትሰማ፣ ቀስ ብለህ ንገራት። መኖሬን ግን ቶሎ ንገራት» ይላል።

ቶሎ! ይታገሱ አምላኩን እያመሰገነ አለቀሰ። ሲመሽ ወንዙን መሻገር ስለማይቻል እንደምንም አደረና ዶሮ ሲጮህ ተነሳ። በእግሩ ይሂድ? አራት ሰዓት ማን ይችላል? ሳይክሏን አወጣ።

እንደዚያ ጥዋት ነድቷት አያውቅም። ክረምቱ ገና ከመሬት አልወጣም፤ የብር ቁልቁለት ጭቃው እንደ ሳሙና ነው። ከኮርቻው ተነስቶ፣ ጉልበቱን ለቆ፣ የፊቱን ፍሬን በሁለት ጣት ብቻ እየነካ ወረደ። ድንጋዩን ፊቷ ዋጠች፣ ኋላዋ ተከተለች፤ አንዲት ጊዜ የኋላ ጎማዋ ወደ ገደሉ ከድታው በወገቡ መለሳት። ጮክ ብሎ ሳቀ። እንደዚያ የሳቀበትን ቀን አያስታውስም። ወንዙን በትከሻው ተሸክሟት ተሻገረ፤ ዳገቱን እየተነፈሰ ወጣ። ጎህ ቀደደ።

ከዝግባ ማርያም አፋፍ ላይ ሲደርስ ግን የእትየ አልጣሽ ቃል ትዝ አለውና ወረደ። በሷ ላይ ሆኖ ደጃቸውን አይረግጥም። ድምፅዋን ቢሰሙስ? ከመናገሩ በፊት ልባቸው ቀጥ ይላል። ስለዚህ ዝም እንድትል እየገፋት ሄደና ከእሳቸው ቤት ቀድሞ ከሚገኘው ከጋሽ ገብረሰንበት የቅንጭብ አጥር ላይ አስደገፋት። በሩን ሊያንኳኳ እጁን አንስቶ ተወው። ጋሽ ገብረሰንበት ከሰሙ ሚስታቸው እትየ ባንቺአየሁ ይሰማሉ፤ እትየ ባንቺአየሁ ከሰሙ ደግሞ እየሮጡ ሄደው የምስራቹን ይነጥቁታል። የለም፣ የሱ ነው። የሱ ብቻ!

አያችሁ ጣጣውን? እትየ አልጣሽን እንዳያስደነግጥ ብሎ ነው። ሳይክሏን ጎረቤት አስደግፎ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በእግሩ። ሰባት ጊዜ ያደረገውን ነው ያደረገው፤ እጁ ለምዶት አላስተዋለም።

እንዲያውም ቶሎ አልሄደም። በጓሮው ጅረት በኩል ዞረና ፊቱን በውኃው አየው፤ ጭቃ ብቻ ነው። የምስራች የያዘ ሰው እንዲህ ሆኖ አይገባም ብሎ ጎንበስ አለ። ፊቱን ታጠበ፣ እግሩን ታጠበ፣ ፀጉሩን በእርጥብ እጁ ደባበሰ። ደብዳቤው እንዳይረጥብ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው።

እትየ ባንቺአየሁ ላም ሊያልቡ የወጡት ያን ጊዜ ነው። አጥሩ ላይ ያዩት ምን እንደሆነ ለመረዳት ሁለት ጊዜ ማየት አላስፈለጋቸውም። ሳይክሏ አለች፣ ጠሪው የለም፤ ሽማግሌ ሊሰበስብ ሄዷል ማለት ነው። ከሳቸው ቀጥሎ ያለው ቤት ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ወጉ ዝም በሉ ነበር የሚላቸው። ግን ወንዳወቅን ጡት አጥብተውታል፤ እትየ አልጣሽ ታመው በነበረ ጊዜ ስምንት ወር ያጠቡት እሳቸው ናቸው። የማለቢያ እቃው ከእጃቸው ወደቀ፣ አፋቸው ሳይጠይቃቸው ተከፈተ።

«ወንዳዬ! ወይኔ ወንዳዬ! ወይኔ ልጄ!»

ይታገሱ ከጅረቱ ሰማ። ጆሮው ለቅሶ ያውቃል። እና መጀመሪያ ያሰበው፣ ምን መሰላችሁ፣ «ማን ሞቶ ይሆን?» ብሎ ነው። የወንዳወቅን ስም ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰማ ነው ነገሩ የገባው።

«የምስራች!» እያለ ሮጠ። «የምስራች! አለ! አለ! ዝም በሉ፣ አለ!» ከታች የሚሰሙት ሰዎች የሱን ጩኸት ከለቅሶው አልለዩትም። ጋሽ ገብረሰንበት ጋቢያቸውን እየጎተቱ፣ እትየ ባንቺአየሁ ፊታቸውን እየቧጠጡ ወደ እትየ አልጣሽ ደጅ እየሮጡ ነበር። ሊይዟቸው ነው የሮጡት፤ ክፉዎች አይደሉም። ግን ቃሉ ቀደማቸው።

እትየ አልጣሽ ጥጃ ሊፈቱ ከደጃፋቸው የድንጋይ ደረጃ ላይ ቆመው ነበር። የልጃቸውን ስም ሰሙ። ማንም አልያዛቸውም። እናት እንደምታደርገው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ሰድደው ራሳቸውን ወደ ኋላ ጣሉ፤ ጭንቅላታቸው የደረጃውን ጠርዝ መታ።

ይታገሱ ሲደርስ ዓይናቸው ተከፍቷል። ተንበርክኮ አቀፋቸውና በጆሯቸው «እምየ፣ የምስራች! እምየ፣ ወንዳወቅ አለ!» አለ። ደብዳቤውን ከጅረቱ ዳር ረስቶት ነበር፤ ሰው ላከና አመጡለት፤ ሦስት ጊዜ አነበበላቸው። ዓይናቸው ከፊቱ ላይ ነው። ከንፈራቸው አልተንቀሳቀሰም። «ምስር ብላ ይበሉኝ እንጂ እምየ! ምስር ብላ ይበሉኝ!» እያለ ሲለምን ሰዎቹ በግድ አስነሱት። ጎረምሶች ቃሬዛ አበጅተው ወደ ፍኖተ ሰላም ተሸከሟቸው፤ ወንዙ ሳይደርሱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አረፉ። ምን እንደሰሙ አንድ እግዜር ያውቃል።

ማንም አልሰደበውም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ጋሽ ገብረሰንበት ብቻ ግንባራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጄ፣ ምነው በሬን ብታንኳኳ?» አሉት። ምን ይበል? የምስራቹን እንዳትነጥቁኝ ብዬ ነው ይበል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እሱ ያፈሰሰው የሚለቀም አልነበረም።

ሬሳው ቤት ሲገባ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ወደ ይታገሱ መጡ። ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም።

«ልጄ፣ ወንድማቸው ቡሬ ማዶ ፈጣም ወንዝ ዳር ናቸው። ሳይደርሱ ብንቀብር ይወቅሱናል።»

«መሪጌታ፣ እባክዎን፣ እኔን አይላኩኝ።»

«ማንን ልላክ? በእግር የሄደ ለነገ አይደርስም።»

ሳይክሏ ካስደገፋት ቦታ አልተነሳችም ነበር። ተቀመጠባት፤ ሞላው ሲጥ አለ። በመንገዱ ላይ በየአጥሩ የቆሙት ሰዎች «ደግሞ ለማን ነው?» አሉት። «ለእትየ አልጣሽ» አለ። «ልጃቸው ሞቶ ነው?» ሲሉት «የለም፣ እሱስ ደህና ነው» ብሎ አለፈ። እስከ ቡሬ፣ ኮረኮንቹን ሁሉ፣ በየመንደሩ የጠየቀው ሰው አልጠፋም።

ከተቀበሩ በሦስተኛው ቀን እጅጉ ዘንድ ሄደ። «ሞላውን መልሰህ አጥብቀው» አለው።

«ይጥልሃል እኮ።»

«ይጣለኝ።»

እጅጉ ቀለበቱን እስከ ጥግ አጠበቀው። ሳይክሏ ዝም አለች፤ ይታገሱንም እንደ ድሮዋ ድንጋይ በነካች ቁጥር ትወረውረው ጀመር። ክንዱ ቆሰለ፣ አንድ ጥርሱ ወለቀ። ለወንዳወቅ ግን አልጣፈለትም። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ ደግሞስ ምን ብሎ ይጥፋል?

የጥር ወር አጋማሽ ላይ ወንዳወቅ የሚመጣበትን ቀን በሰው ልኮ ጅጋ በአውቶቡስ ገባ። ይታገሱ ያን ቀን በእግሩ ነው የወረደው፤ መሪጌታ ኪዳነ ማርያምና ጋሽ ገብረሰንበት አብረውት አሉ። ወንዳወቅ ክራንቹን ቀድሞ አውርዶ ራሱ ተከተለ፤ ከስቷል፣ ግን ፊቱ በርቷል። ይታገሱን ሲያይ ክራንቹን ጥሎ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ።

«አንት ጠሪ!» አለ እየሳቀ። «ሽማግሌ ይዘህ ነው የምትቀበለኝ? ያቺ ፈረንጅ ሳይክልህ የታለች? እኔን አሳፍራ ትወስደኝ መስሎኝ!»

«ቤት ናት» አለ ይታገሱ።

«በል መጀመሪያ ንገረኝ፤ መንገድ ሙሉ ሳስበው የመጣሁት እሱን ነው። የምስራቹን ስትነግራት እማ ምን አለችህ?»

ይታገሱ ጎንበስ ብሎ ክራንቹን ከመሬት አነሳ። መሪጌታ ኪዳነ ማርያም በቀኝ፣ ጋሽ ገብረሰንበት በግራ ጠጋ ጠጋ አሉና የወንዳወቅን ክንዶች ያዙ። ወንዳወቅ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ የጠፋው ያን ጊዜ ነው።